የአንጀት አፈጣጠር ጉድለት ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሕፃናት የሚያስፈልግ ክትትል

ያለ ፊንጢጣ ቀዳዳ የሚወለዱ ሕፃናት ከ5,000 ውልደት በአማካይ አንድ ያህል ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን ቢታደግም፣ የሆድ ድርቀት ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረውም የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ሳይሆን በዚህ ሳቢያ የሚደርስበት መገለል ነው። ችግሩ ግን በአመጋገብ፣ በመድኃኒት፣ ከምግብ በኋላ በቋሚ ሰዓት መጸዳጃ ቤት በማስቀመጥና ሐኪም በሚያዝዘው የአንጀት እጥበት በእጅጉ ይቀንሳል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወላጆች ለክትትል መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም ዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል መቅረብ ይችላሉ። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ካስፈለገ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍ ይችላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀቱን መያዝ ይኖርባቸዋል።

የሆድ መነፋት፣ ትኩሳትና ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ በአንድነት ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ልጁ በዚያው ዕለት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይወሰድ።