ጥቅማጥቅም ቀንሶ መትረፍ፦ የአራዳ ዴሊቨሪ ድርጅቶችና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ

ፒያሳ ላይ የሚሠራ ዴሊቨሪ ድርጅት ሲከስር ሥራ አስኪያጁ ሊነካቸው የማይችላቸው ወጪዎች ብዙ ናቸው። የነዳጁን ዋጋ መንግሥት ይተምናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሞተር መለዋወጫ የሚገዛው በሌላ ዋጋ ነው። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደግሞ ሞተረኛው በአንድ ዙር ያዳርሳቸው የነበሩ ደንበኞች ተበትነዋል። ስለዚህ ዓይኑ ጥቅማጥቅም ላይ ያርፋል። እዚያ የሚያገኘው ግን ከሚያስበው ያነሰ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያውን ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድና የሕመም ፈቃድ ደንግጓል፤ ሠራተኛው ፈርሞ ቢተዋቸው እንኳ ውሉ አይጸናም። በጡረታው ላይ ድርጅቱ 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ለድርድር የሚቀርበው ከሕጉ በላይ የተሰጠው ብቻ ነው፦ ምሳ፣ ቦነስ፣ የግል ሕክምና ሽፋን፣ የትራንስፖርት አበል። እሱም ቢሆን በኅብረት ስምምነት ከተጻፈ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ደብዳቤ አይነሣም።

ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው፣ ጥቂት ሰው የሚጽፍበት መንገድ አለ። አዋጁ ደመወዝን ሲተረጉም የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን አያካትትም። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙን አሳንሶ ቀሪውን በኮሚሽን የሚከፍል ድርጅት የጡረታ መዋጮውም የስንብት ክፍያውም ይቀልለታል። ሞተረኛው በወር መጨረሻ እጁ የሚገባው ገንዘብ ስላልተለወጠ አይከፋውም፤ የሚጎዳው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሰናበት ነው። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሠራተኛ መቀነስም ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ 6,000 ብር ደመወዝ ያለውና አራት ዓመት ያገለገለ ሞተረኛ በቅነሳ ቢሰናበት፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሪዎቹ በየዓመቱ የወሩ ሲሶ ይታሰብለታል፤ 12,000 ብር ይሆናል። ቅነሳ በመሆኑ የ60 ቀን ደመወዝ ሲጨመር 24,000 ብር ይደርሳል። ድርጅቱ ለዚሁ ሰው በዓመት የሚያዋጣው ጡረታ 7,920 ብር ነው። አንድ ስንብት የሦስት ዓመት መዋጮ ያህል ይበላል ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ያየ ሰው ወደ መጨረሻው መላ ይሄዳል፦ ሞተረኛውን «አጋር» ብሎ ከሠራተኛ ዝርዝር ማውጣት። አዋጁ በራሱ ንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይመለከትም፤ በአሠሪ መሪነት የሚሠራን ግን በቁራጭ ሥራም ቢከፈለው ሠራተኛ ይለዋል። ከስያሜው ይልቅ የሚመዘነው አሠራሩ ነው። ከውጭ ምሳሌ ብንወስድ፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2013 ዓ.ም. የኡበር ሾፌሮች የሠራተኛ መብት አላቸው አለ፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምግብ አድራሹን ድርጅት የዴሊቨሩን አድራሾች ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ አድራሾቹ በምትካቸው ሌላ ሰው መላክ ይችሉ ነበርና። የእኛ ሞተረኛ ሰዓቱም ዋጋውም ቅጣቱም ከቢሮ የሚወሰንለት ከሆነ፣ በእኔ ግምት ወደ ኡበሩ ጉዳይ ይቀርባል።

የሠራተኛና የ«አጋር» ልዩነት የሚከብደው በቸርችል ቁልቁለት ላይ አንዱ ሞተረኛ ሲወድቅ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር 75፣ ለቀሪው ስድስት ወር 50 በመቶ ይከፍላል። «አጋር» ነው ብሎ መድን ያልገባለት ድርጅት ፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ነው ካለው ይህን ሁሉ ከካዝናው ያወጣል። ቦነስን ለመቀነስ የሒሳብ መዝገብን ገልጦ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መደራደር ያዋጣል፤ የአደጋ መድኑን ግን መንካት አይገባም።