ፓይተን 2 እና ፓይተን 3፦ ወደ አዲሱ መሸጋገር ምን ይጠቅማል?

ፓይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። የፈጠረው የኔዘርላንድ ተወላጁ ጊዶ ቫን ሮሰም ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሦስተኛው ፓይተን የወጣው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው።

ችግሩ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሙሉ በሙሉ አለመግባባቱ ነው። ለምሳሌ 7 ለ2 ሲካፈል ፓይተን 2 መልሱን 3 ብሎ ቀሪውን ይጥላል፤ ፓይተን 3 ግን 3.5 ይላል። ስለዚህ ደመወዝ ወይም ዕዳ የሚያሰላ ፕሮግራም ሳይመረመር ቢሸጋገር ሒሳቡ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ድርጅቶች ለዓመታት የዘገዩት እንዲህ ያለውን ሥራ ፈርተው ነው።

ጥቅሙስ? አንደኛው ፊደል ነው። በፓይተን 2 «ሰላም» ተብሎ በተለመደው መንገድ ቢጻፍና ስንት ፊደል እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ 9 ብሎ ይመልሳል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ 3 ቦታ ስለሚይዝ፣ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ቦታውን ነው። ፓይተን 3 ግን በትክክል 3 ይላል። ለዕብራይስጥም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። የፓይተን 2 ጥገና መጀመሪያ በ2015 ያበቃል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ተራዝሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ለሌባ የሚመች ቀዳዳ ቢገኝ አዘጋጆቹ አይደፍኑትም።

ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘና በደንብ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ቢቆይ ብዙ አይጎዳም። የሰው ስም፣ ገንዘብ ወይም የሕክምና መረጃ የያዘ ግን መሸጋገር አለበት። ያኔም የአሮጌውን ቅጂ አስቀምጦ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አሠርቶ መልሳቸውን ማመሳከር ያስፈልጋል።