ከፈረስ ጉግስ እስከ ሐዲድ ፈረስ፤ በጎጃም ደጋ ስለ ግልቢያ ጨዋታና ስለ መዝናኛ መኪናዎች አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነቱና በሕጉ፥ በቤተ መንግሥቱና በደብሩ ብቻ ተጽፎ የሚያበቃ አይደለም። ሕዝቡ በበዓል ቀን ሥራውን አቁሞ ወደ ሜዳ ሲወጣ ምን እንደሚጫወት፥ ጨዋታውን ማን እንደሚጫወተውና ማን ቆሞ እንደሚመለከተው መመርመርም የታሪክ ተማሪ ተግባር ነው። ከጨዋታም ሁሉ ይልቅ ምርመራ የሚገባው፥ ሰው ማንም ሳያስገድደው ወዶና ፈቅዶ ራሱን የሚያስፈራበት ጨዋታ ነው።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በሐዲድ ላይ ቀስ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን፥ በፈረንጆች አጠራር ሮለር ኮስተር የተባለውን መጫወቻ ከልብ የምንወድ ነን። ይህንንም አስቀድመን የምንናገረው አንባቢ ሚዛናችን ወዴት እንደሚያዘነብል ዐውቆ እንዲያነብልን ነው። እንደሚታወቀው የባቡር ሐዲድ እስከ ዛሬ ጎጃምን አልረገጠም። ታዲያ ደብረ ማርቆስን ከሮለር ኮስተር ጋር ምን አገናኛት? የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሳችን ይህ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የመዝናኛ መናፈሻ ውስጥ የሚገኙት ታላላቅ መኪናዎች አንዱ ወገናቸው የተወለደው ከፈረስ ጨዋታ ነው። የጎጃም ደጋ ደግሞ የፈረስ ጨዋታ አገር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማመዛዘን ይቻላል።

1. የደጋው ግልቢያ

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ሲሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበላይዋ የጮቄ ተራራ አለ፤ ከበታችዋም ዐባይ ምድሩን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሰንጥቆ ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሣር የለበሰ ሜዳ ለፈረስ የተመቸ ነው።

የጉግስ ሥርዐት በአጭሩ እንዲህ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ከአንደኛው ወገን የወጣው ሽምጥ እየጋለበ ይሸሻል፤ ከሌላው ወገን የወጣው ደግሞ እያባረረ ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል፥ ወይም ከፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል። ዘንጉ ጦር አይደለም፤ ሥራው ግን የጦር ትምህርት ነው። በጥንቱ ልማድ ጋላቢው በጠባቡ እርካብ ውስጥ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባ ስለ ነበረ፥ በኮርቻው ላይ የሚያጸናው ከእርካቡ ይልቅ የገዛ ጉልበቱና ሚዛኑ ነበር። በጥምቀትና በመሳሰሉት በዓላት ሕዝቡ በሜዳው ዳር ተሰልፎ ይፈርዳል፤ የዳኝነቱም መሣሪያ እልልታና ሣቅ ነው።

ፈረስ በዚህ አገር የክብር ምልክት እንደ ነበረ የመሪዎቻችን የፈረስ ስም ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በጎጃም ይህ ልማድ ዛሬም በሕይወት የሚታይበት ሥፍራ የአዊ ምድር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ሲሆን፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል እንጅባራን በፈረስ ኮቴ የሚያናውጽ ነው።

ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ የወደደውን ሁሉ ማመስገን የለበትም። ፈረስ፥ ኮርቻና ግላስ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ጉግስ በአመዛኙ የመኳንንትና የወታደር፥ እርሱም የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ኖረ። ሴቱ፥ ድኻውና ሕፃኑ ተመልካች ነበሩ። ለእነርሱ የቀረላቸው ግልቢያ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ የታሰረው ዥዋዥዌና የኮረብታው ሸርተቴ ነበር። ዥዋዥዌ ከጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ሆድን ባር ባር የሚያሰኘው ስሜት፥ ሮለር ኮስተር በብዙ ሚሊዮን ብር ከሚሸጠው ስሜት ጋር በባሕርዩ አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

2. ፈረሱ እንጨት የሆነበት ታሪክ

አውሮፓም ጉግስን የሚመስል ጨዋታ ነበራት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1662 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የልጁን መወለድ ምክንያት በማድረግ በፓሪስ ታላቅ የፈረሰኞች ትርኢት አደረገ። መኳንንቱ የሮማውያን፥ የፋርሶች፥ የቱርኮችና የሌሎችንም ሕዝቦች ልብስ ለብሰው ተጫወቱ። የጨዋታው ስም ካሩሴል ይባል ነበር። በዚህ ጨዋታ ጋላቢው የተንጠለጠለ ቀለበት በጦሩ ጫፍ መውሰድ ይገባው ስለ ነበረ፥ ወጣቶች የሚለማመዱበት በዙሪያ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ተሠራ። ከጊዜ በኋላ ጦርነቱ መልኩን ሲለውጥ እውነተኛው ፈረስ ከሜዳው ወጣ፤ መለማመጃው እንጨት ግን የልጆች መጫወቻ ሆኖ ቀረ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንግሊዞች የእንፋሎት ኀይል ገጠሙለት። ዛሬ በየመናፈሻው ዘፈን እያሰማ የሚዞረው ባለ ፈረስ መጫወቻ ስሙን የወረሰው ከዚያው ከመኳንንቱ ጨዋታ ነው።

ይህ ነገር በአሜሪካ ከዚህም አልፏል። በኒው ዮርክ አጠገብ በኮኒ ደሴት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ስቲፕልቼዝ የተባለ መናፈሻ ተከፈተ። ዋና መስሕቡ በሐዲድ ላይ የሚሽቀዳደሙ የእንጨት ፈረሶች ነበሩ። ፈረሶቹ ከከፍታ ተለቅቀው በገዛ ክብደታቸው ይወርዱ ነበር። ይህ የሆነው ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዘመን የእኛ ፈረሰኛ ከእውነተኛ ጦር ሜዳ ተመልሶ ፈረሱን ሲያሳርፍ፥ የኒው ዮርክ ሠራተኛ በእንጨት ፈረስ ለመቀመጥ ተራ ይጠብቅ ነበር።

3. ከበረዶ ኮረብታ ወደ ሐዲድ

የሮለር ኮስተር ሌላው አባቱ ቁልቁለት ነው። ሩሲያውያን በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ በክረምት ከእንጨት ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ኮረብታ ሠርተው፥ ውሃ አፍስሰው በረዶ በማድረግ ይንሸራተቱ ነበር። ፓሪስ በ1817 ዓ.ም. ይህንኑ ወስዳ፥ በረዶውን በመንኰራኵርና በሐዲድ ተካችው። የሚያስቀው ነገር ፈረንሳዮች መጫወቻውን እስከ ዛሬ «የሩሲያ ተራራ» ሲሉት፥ ሩሲያውያን ግን «የአሜሪካ ተራራ» ማለታቸው ነው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ በ1827 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል በቁልቁለት የሚያወርድ ሐዲድ ተሠርቶ ነበር። ባዶውን ጋሪ ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ሲሆኑ፥ ቁልቁል ሲመለሱ እነርሱም በጋሪ ተጭነው ይወርዱ ነበር። ኋላም ሰዎች ለደስታ ብቻ ገንዘብ እየከፈሉ ይሳፈሩበት ጀመር። በዚህ መንገድ ከታወቁት የመጀመሪያ ተሳፋሪዎች መካከል በቅሎዎች መኖራቸውን ለበቅሎ ወዳጁ የጎጃም አንባቢ ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም።

ከዚህ በኋላ በ1884 ዓ.ም. ላማርከስ ቶምሰን በኮኒ ደሴት ለሕዝብ መጫወቻ ብቻ የተሠራ ሐዲድ ከፈተ። በዚያ ጊዜ በጎጃም ከ1873 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ጀምሮ የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የቶምሰን ጋሪ በሰዓት የሚሮደው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዋጋውም አምስት ሳንቲም ነበር። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ብናስብ፥ የያኔው የጎጃም ፈረሰኛ ከዓለም ዝነኛ መጫወቻ አራት እጥፍ ይፈጥን ነበር ማለት ነው። መኪናው ፈረሱን የቀደመው በኋላ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በአቡ ዳቢ የተከፈተው ሮለር ኮስተር በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ደርሷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰንሰለት ጋሪውን ወደ መጀመሪያው ኮረብታ ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚነዳው ሞተር የለም፤ ክብደቱ ራሱ ያወርደዋል፥ የወረደበትም ፍጥነት ወደ ቀጣዩ ኮረብታ ያወጣዋል። ስለዚህ ቀጣዮቹ ኮረብታዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ኮረብታ ዝቅ ማለት አለባቸው። ጋሪው ሽቅብ ሲሳብ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ተሳፋሪውን ያስጨንቀዋል። ድምፁ ግን የጋሪውን ወደ ኋላ መንሸራተት የሚከለክለው የብረት ጥርስ ድምፅ ነው። የሚያስፈራውና የሚጠብቀው አንድ ነገር መሆኑ የዚህ ጨዋታ ምሥጢር ነው።

ጥርሱ ሲከዳ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታሪክ መዝግቧል። በለንደን በባተርሲ መናፈሻ በግንቦት ወር መጨረሻ 1972 ዓ.ም. (በፈረንጆች) የሚስበው ገመድ ተለቀቀ፤ መከላከያውም አልያዘም፤ ጋሪው ወደ ኋላ ወርዶ አምስት ልጆች ሞቱ።

4. በሩ ለማን ይከፈታል?

አምስት ሳንቲም ብዙ ነገር ለውጧል። ጉግስ ፈረስ ለሌለው የተዘጋ ሲሆን፥ የኮኒ ደሴት ጋሪ ግን ሠራተኛውንም ሴቲቱንም ያስቀምጥ ነበር። በዚህ ረገድ መኪናው ከፈረሱ ይልቅ ቸር ነው ብለን እንፈርዳለን።

ሆኖም ይህ ቸርነት ለሁሉም አልነበረም። በአሜሪካ ብዙ መናፈሻዎች ጥቁሮችን አያስገቡም ነበር። በሜሪላንድ ግሌን ኤኮ የተባለው መናፈሻ በሩን የከፈተው ከ1960ው የተማሪዎች ተቃውሞ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ነው። በባልቲሞር ግዊን ኦክ የተባለውም የተከፈተው ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታላቁን ንግግር ባደረገበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን አንዲት ጥቁር ሕፃን በዙሪያው የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀመጠች። እነዚያ ፈረሶች ከዓመታት በኋላ ወደ ዋሽንግተን ተወስደው የታሪክ ቅርስ ሆነዋል። እንግዲህ የእንጨት ፈረስ ላይ መቀመጥም እንደ እውነተኛው ፈረስ የክብር ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

5. በአገራችን

በኢትዮጵያ የመዝናኛ መኪናዎች በብዛት የታዩት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ነው። ቦራ የተባለው መናፈሻ፥ በቦሌ በኤድና ሞል አዳራሽ ውስጥ የነበሩት የልጆች መጫወቻዎች፥ በቢሾፍቱ የኩሪፍቱ የውሃ ሸርተቴ የሚጠቀሱ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በገመድ ላይ መንሸራተትንና ፈረስ ግልቢያን በአንድ ተራራ ላይ አገናኝቷል፤ ይህም ለጽሑፋችን ሐሳብ ጥሩ ምስክር ነው።

የጎጃም ሰው ግን ቁልቁለት ምን እንደሆነ ለማወቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሁሉ ጆሮው ተደፍኗል፥ ሆዱም ተንጧል። ይሁን እንጂ ይህን ጨዋታ የሚለው የለም። ለምን ቢባል፥ ተሳፋሪው ለመፍራት ብሎ አልተሳፈረም፤ የመኪናውም ፍሬን ቢበጠስ የሚይዘው ጥርስ የለም። ጨዋታ የሚባለው ሥርዐት ያለው ፍርሀት ነው። በጉግስ ጦሩ ዘንግ ሆኗል፤ በሮለር ኮስተር ገደሉ ሐዲድ ሆኗል፤ በገና ጨዋታም ጌታው ቢመታ የማይቆጣበት ልማድ ተበጅቷል። ሥርዐቱ ሲጠፋ የሚቀረው አደጋ ብቻ ነው።

6. አስተያየታችን

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ መጫወቻ በቁመቱና በፍጥነቱ ብቻ አይመዘን። ክብረ ወሰን የሚሰብር ብረት ሁሉ በሌላ ብረት ይሰበራል። መልካም ሮለር ኮስተር እንደ መልካም ጉግስ መጠበቅ፥ መወርወርና መመለስ ያለው፥ ሦስቱም የተመጣጠኑለት ነው።

ሁለተኛ፥ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። በመኪናው ላይ ተሳፋሪው ተቀምጦ ይፈራል፤ በፈረሱ ላይ ግን ጋላቢው ራሱ ይዳኛል፥ ራሱም ይሳሳታል። ስለዚህ መኪናው የፈረሱን ቦታ ሊተካ አይችልም። ከተሞቻችን እየሰፉ ሲሄዱ የጉግሱ ሜዳ በቤትና በአጥር እንዳይዋጥ በካርታ ላይ ተለይቶ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። ሜዳ አንድ ጊዜ ከታረሰ ወይም ከተገነባ በኋላ ጨዋታውን በመጽሐፍ ማንበብ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛ፥ በደብረ ማርቆስ የልጆች መናፈሻ ሲታሰብ ግዙፍ ብረት ከውጭ ማስመጣት የመጀመሪያው ሥራ አይሁን። ምድሩ ራሱ ተዳፋት ነው። በኮረብታ ላይ የተሠራ ሸርተቴ፥ በደንብ የታሰረ ዥዋዥዌና ለሕፃናት የተገራ ፈረስ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ልጅ ያስደስታሉ። መኪናም ቢመጣ በየጠዋቱ ሰንሰለቱንና ጥርሱን የሚመረምር፥ ሲያጠራጥረውም ጨዋታውን የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው ከመኪናው ጋር አብሮ መቀጠር አለበት። የባተርሲ ታሪክ ለእኛም የተጻፈ ነው።

አራተኛ፥ የመግቢያው ዋጋ የገበሬው ልጅ የሚችለው ይሁን። ጉግስን ፈረስ ያጣ ከዳር ሆኖ ተመለከተ፤ በሌላ አገር ደግሞ በቆዳው ቀለም የተከለከለ ከአጥር ውጭ ሆኖ ተመለከተ። ነገ በደጋችን የሚከፈተው በር በዋጋ ምክንያት ሦስተኛ ዓይነት ተመልካች የሚፈጥር ከሆነ፥ ጨዋታውን አስፋፋን ማለት አንችልም።

ስለ ፈረስ ልብስና ዕቃ፥ ስለ ግልቢያ ቃላትና ስለ በዓላቱ ሥርዐት የሚያውቁ አረጋውያን በየወረዳው ይገኛሉ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህንኑ ጠይቀው በጽሑፍ ቢያኖሩ፥ የጀመርነው ሥራ በመልካም እጅ ተረከበ እንላለን።