ወዲያ ማዶ «እርስዎ» የሆነበት ታሪክ

አማርኛ ለቅርቡ «ይህ»፣ ለሩቁ «ያ» ብሎ የሚጠቁመውን ሁሉ ለሁለት ይከፍለዋል። ጃፓንኛ ግን ለሦስት ነው የሚከፍለው። በተናጋሪው ዘንድ ያለው «ኮሬ»፣ በአድማጩ ዘንድ ያለው «ሶሬ»፣ ከሁለቱም የራቀው «አሬ» ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ ደግሞ «ዶሬ» አለ። ይህን ሥርዓት ከ«እኔ» እና ከ«አንተ» ይዞታ ጋር አያይዞ ያብራራው ሳኩማ ካናኤ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።

ሥርዓቱ ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የተስተካከለ አልነበረም። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሰበሰበውና ከ4500 በላይ ግጥሞችን በያዘው በ«ማንዮሹ» ውስጥ «ኮ» እና «ሶ» በብዛት ሲገኙ፣ ሩቁን የሚያመለክተው «ካ» ብርቅ ነው። «ሶ»ም ቢሆን በአብዛኛው ቀድሞ የተነሣን ነገር ለማስታወስ የሚያገለግል ነበር። «አ» የተስፋፋው ዘግይቶ፣ በሄይአን ዘመን ነው።

ታሪኩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። በሄይአን ዘመን «አናታ» ማለት «ወዲያ ማዶ» ማለት ነበር፤ የአቅጣጫ ቃል እንጂ የሰው መጠሪያ አይደለም። ውሎ አድሮ ወዲያ ላለ የተከበረ ሰው «እርሳቸው» ሆነ፤ በኤዶ ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው «እርስዎ» ሆኖ ተገኘ። ታላቅን ሰው በቀጥታ መጠቆም ነውር ነበርና ሰውየውን ትተው ያለበትን አቅጣጫ ጠሩ። እኛም ብንሆን «እርሱ»ንና «እርስዎ»ን ያገኘነው «ርእስ» ከሚለው ቃል ነው። («አናታ» ከእኛው «አናት» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው።)

እንዲህ ያለው መሸፈኛ ግን በአገልግሎት ብዛት ያልቃል። «ኦማኤ» በአማልክትና በመኳንንት ፊት ያለውን የተከበረ ስፍራ ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ለቅርብ ጓደኛ ካልሆነ በቀር የሚያስቀይም «አንተ» ነው። «ኪሳማ» በደብዳቤ ላይ ለበላይ ሰው የሚጻፍ የአክብሮት መጠሪያ ነበር፤ አሁን ስድብ ሆኗል። «ኪሚ» ጌታ፣ ንጉሥ ማለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሕግ የጸደቀው ብሔራዊ መዝሙር ስም፣ «ኪሚጋዮ»፣ ይህንኑ ቃል ይዟል። ያው ቃል ግን በመሥሪያ ቤት አለቃ የበታቹን የሚጠራበት ነው። ከሁሉ የሚገርመው «ተማኤ» ነው። በትሕትና «እኔ» ለማለት ያገለግል የነበረው ይህ ቃል፣ ድምፁ ትንሽ ተለውጦ የጠበኛ «አንተ» ሆኗል።

ብርቅ የነበረው ጥንታዊው «ካ»ም አልጠፋም። «ካሬ» ቀድሞ ወንድም ሴትም ሳይለይ ያመለክት ነበር። በሜጂ ዘመን የአውሮፓ መጻሕፍት ሲተረጐሙ ግን «እርሱ» እና «እርሷ» መለየት ነበረባቸው፤ ስለዚህ «ካሬ» ለወንድ ቀረ፤ ለሴት «ያቺ ሴት» ከሚለው ሐረግ «ካኖጆ» ተበጀ። የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ሁለቱን ቃላት ለፍቅረኛም አውለዋቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ይህን ሁሉ ደረጃ ለማስተካከል ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የጃፓን ብሔራዊ ቋንቋ ምክር ቤት ስለ አክብሮት አነጋገር ባቀረበው ሰነድ «ዋታሺ» መደበኛው «እኔ»፣ «አናታ»ም መደበኛው የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በእኔ እምነት መልካም ነበር፤ ሹሙም ሠራተኛውም በአንድ ቃል እንዲጠራሩ የሚጋብዝ ነውና። ሕዝቡ ግን በከፊል ብቻ ተቀበለው። ተማሪ መምህሩን «አናታ» አይልም፤ «ሴንሴይ» ይላል። ሠራተኛም አለቃውን በማዕረጉ፣ ጐረቤቱን በስሙ ላይ «ሳን» ጨምሮ ይጠራል። «አናታ» ባሏን ለምትጠራ ሚስት ቀርቷል፤ ከዚያም ውጭ በማስታወቂያና በመጠይቅ ቅጽ ላይ ይገኛል፤ አንባቢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅምና።