ባለ 80 ዓምድ የፎርትራን ካርድ
ወረቀት፣ 18.7 × 8.3 ሴ.ሜ፤ ዩናይትድ ስቴትስ

ቀዳዳዎቹ ጽሑፍ ናቸው። አንድ ካርድ የሚይዘው በፎርትራን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ ትእዛዙ የሚበሳው ከ7ኛው እስከ 72ኛው ዓምድ ነው። የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓምዶች ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ችላ ስለሚላቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተራ ቁጥር ይበሱባቸው ነበር። የካርዱ ቁልል ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ የተበተነበት ሰው የቁጥሩን ጥቅም ያውቃል።

የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ1957 ለአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ወጣ፤ የሠራው በጆን ባከስ የሚመራ ቡድን ነው። የኮምፓይለሩን ሥራ በእኛ ፊደል እናሳይ፦ «ሀ = ለ + ሐ × መ»። ማሽኑ ይህን ቀመር እንዳለ አይረዳውም። ኮምፓይለሩ ማባዛቱ እንደሚቀድም ለይቶ በአራት ትእዛዝ ይዘረዝረዋል፦ መን ጫን፤ በሐ አባዛ፤ ለን ደምር፤ ውጤቱን ሀ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ወደ 36 ቢት ቁጥር ይለወጣል።

ከባዱ ነገር መተርጎሙ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ የማሽን ትእዛዝን በእጃቸው የሚጽፉ ባለሙያዎች ማሽን የእነሱን ያህል ፈጣን ፕሮግራም ይሠራል ብለው አያምኑም ነበር፤ ስለዚህ ቡድኑ አብዛኛውን ድካሙን ያፈሰሰው ፍጥነት ላይ ነው። ተሳክቶለታልም፦ ኮምፓይለሩ ትእዛዞችን የሚያሸጋሽግበት መንገድ አንዳንዴ ሠሪዎቹን ራሳቸውን ግራ ያጋባ ነበር፤ ስህተት መስሏቸው ሲመረምሩት ትክክል ሆኖ ያገኙታል።

ተተርጉሞ የሚወጣውም በካርድ ላይ ሊበሳ ይችል ነበር፤ ለማሽኑ ብቻ የሚነበብ ሌላ ቁልል።