የአሮጌ መኪና ኤሲ ሲያስቸግር፡ ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት ቫኪዩሙን ይፈትሹ

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ሙቀቷ ሰው አያሰቃይም። እኔ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ፉሪ፣ ከተራራው ግርጌ ግን በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ የመኪናው የፊት መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል። ያን ጊዜ ኤሲ የሚፈለገው ለቅዝቃዜ ሳይሆን መንገዱን ለማየት ነው። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱን ያስቀርና ደረቅ አየር ስለሚለቅ መስታወቱ በአጭር ጊዜ ይጠራል። ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ማብራሪያ አያሻውም።

እኔ የምነዳው መርሴዲስ 300ዲ፣ ደብልዩ 123 ከሚባለው ትውልድ ነው። ይህ ሞዴል ከ1976 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) በብዛት ሲመረት 2.7 ሚሊዮን ያህል ወጥቷል፤ በከተማችን ጎዳናዎችም ዛሬ ድረስ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና በወጉ ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ለመሆኑ ቫኪዩም በኤሲ ውስጥ ምን ይሠራል?

በዛሬ መኪኖች ውስጥ አየሩን ወደ እግር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ መስታወት የሚመሩትን ትንንሽ በሮች የሚያንቀሳቅሱት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። በአሮጌዎቹ መኪኖች በአብዛኛው ይህን ሥራ የሚሠራው ቫኪዩም፣ ማለትም የመምጠጥ ኃይል ነው። በቤንዚን መኪና ኃይሉ የሚገኘው ሞተሩ አየር ከሚስብበት ማኒፎልድ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ያህል ስለማይመጥ የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል። ከምንጩ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ በባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ በኩል ወደ ማጠራቀሚያ ጣሳ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው መምረጫ፣ ከመምረጫው ወደ እያንዳንዱ በር ዲያፍራም ይደርሳል። ዲያፍራሙ ውስጥ ያለው የላስቲክ ሽፋን ሲመጠጥ ዘንጉን ይስባል፤ በሩም ይከፈታል ወይም ይዘጋል።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ቢያፈስ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ፣ ጋዙም ሙሉ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛው አየር ወደሚፈለገው ቦታ አይደርስም። ባለ መኪናው «ኤሲው ሞቷል» ይላል፤ ጋራዡም ጋዝ ይሞላል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል።

ምልክቶቹ

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ አየሩ አልቀዘቀዘም ወይስ ቀዝቅዞ በሌላ ቦታ እየወጣ ነው? በየትኛውም ቀዳዳ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ጋዙን፣ ኮምፕሬሰሩንና ቺንጋውን ማስመርመር ተገቢ ነው። ሆኖም በአንዳንድ መኪኖች የፍል ውኃውን ቫልቭ የሚዘጋውም ቫኪዩም ስለሆነ፣ ሲያፈስ ፍል ውኃ በማሞቂያው በኩል እያለፈ የኤሲውን ቅዝቃዜ ያጠፋዋል። አየሩ ቀዝቅዞ በመስታወት ወይም በእግር በኩል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ ቫኪዩም ይሂድ። ብዙ አምራቾች ቫኪዩም ሲጠፋ አየሩ ወደ ፊት መስታወት እንዲሄድ አድርገው ነው የሠሩት፤ ሾፌሩ ሁሉን ቢያጣ እንኳ እይታን እንዳያጣ።

ሌላው ምልክት ዳገት ላይ ይታያል። በቤንዚን መኪና ነዳጅ አጥብቀው ሲረግጡ የማኒፎልዱ ቫኪዩም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ አየሩ ከፊት ለፊት ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ መስታወት ከዞረና ሜዳ ላይ ሲደርሱ ከተመለሰ ጥፋቱ በአብዛኛው የባለ አንድ አቅጣጫው ቫልቭ ወይም የማጠራቀሚያው ጣሳ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚሰማ የ«እስስ» ድምፅም የማፍሰስ ምስክር ነው።

እንደ እኔ የናፍጣ መርሴዲስ ያለው ሰው ተጨማሪ ምስክሮች አሉት። በደብልዩ 123 ናፍጣ መኪኖች ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩን የሚያጠፋው ቫኪዩም ነው፤ ማዕከላዊ የበር መቆለፊያውም እንዲሁ፣ አውቶማቲክ ማርሹም ለስላሳ የሚሆነው በቫኪዩም ነው። ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ ካለ፣ በሮቹ ዘግይተው ከተቆለፉ ወይም ማርሹ እየደነገጠ ከገባ፣ የኤሲው ችግር የብቻው አይደለም።

የከፍታው ነገር

አንድ ቁም ነገር አለ። ቫኪዩም ከአካባቢው የአየር ግፊት በላይ ሊሆን አይችልም። በባህር ጠለል ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 575 ገደማ፣ ማለትም ሦስት አራተኛው ነው። ውኃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በባህር ጠለል 600 ሚሊ ሜትር የሚስብ ጤነኛ ፓምፕ እዚህ 450 ገደማ ቢያሳይ ሊያስደነግጠን አይገባም። በቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ መጻሕፍቱ ከ430 እስከ 530 ሚሊ ሜትር (ከ17 እስከ 21 ኢንች) ይጠብቃሉ፤ እኛ ዘንድ ወደ 180 ገደማ ቀንሶ ማንበብ ነው። ይህን ያላገናዘበ ሰው ያልተበላሸ ፓምፕ ያስቀይራል። በሌላ በኩል ትርፉ ትንሽ ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ የማይታወቅ ጥቃቅን ማፍሰስ እዚህ ወዲያውኑ ችግር ይሆናል።

አፈታተሽ፣ ደረጃ በደረጃ

የሚያስፈልገው መለኪያ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ከሌለ ትልቅ የሕክምና ሲሪንጅና አጭር ቱቦ የማፍሰሱን ጉዳይ በደንብ ያሳያሉ፤ ቁጥሩን ግን አይናገሩም። ኮፈኑን ከፍተው ሲሠሩ እጅዎንና ልብስዎን ከማራገቢያውና ከቺንጋው ያርቁ።

1. ምንጩን ይለኩ። ሞተሩ እየሠራ ወደ ኤሲው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅለው መለኪያውን ይሰኩ። እዚህ ቫኪዩም ከሌለ ዳሽቦርድ መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

2. የጎማ መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ። ፕላስቲኩ ቱቦ ረጅም ዕድሜ አለው፤ በሞተር ሙቀት የሚሰነጠቁት ጫፎቹን የሚያገናኙት ጎማዎች ናቸው። በጣት ጠምዘዝ ሲያደርጓቸው ስንጥቁ ይታያል። ርካሹ ጥፋት ይህ ስለሆነ ቀድሞ ይፈተሽ።

3. ባለ አንድ አቅጣጫውን ቫልቭ አውጥተው ይንፉበት። በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፍ አለበት። በሁለቱም ካሳለፈ ይቀየር፤ ሲመልሱት አቅጣጫውን እንዳያዛንፉ።

4. ማጠራቀሚያ ጣሳውን በፓምፑ ስበው ይጠብቁ። መርፌው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በግልጽ ከወረደ ጣሳው ተሰንጥቋል።

5. ከመምረጫው የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ነቅለው ወደ ዲያፍራሙ ይሳቡ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ መቆየት አለበት። ተንቀሳቅሶ ከተመለሰ ላስቲኩ ተቀዷል። ቫኪዩሙን ይዞ ካልተንቀሳቀሰ ግን በሩ ራሱ ተጣብቋል። ቱቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ቀለማቸውንና ቦታቸውን ፎቶ ያንሱ።

6. ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ የቀረው መምረጫው ወይም ቫኪዩሙን የሚያከፋፍሉት የኤሌክትሪክ ቫልቮች ናቸው። ለእነዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ።

መለዋወጫውን መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የቱቦ ውፍረት በዓይን ግምት አይገዛም። ግልጹን ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ሞተር አጠገብ አይጠቀሙ፤ ሲሞቅ ተኮማትሮ በመምጠጡ ይጣበቃል። የተቀደደ ዲያፍራም በማስቲሽ መለጠፍም ዕድሜው አጭር ነው። የጋዙን መስመር ግን በራስዎ አይፍቱ። በተለይ የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪኖች የተሠሩት ለአር-12 ሲሆን፣ ይህ ጋዝ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከምርት ወጥቷል። ወደ አር-134ኤ መቀየር ዘይቱንና ማጣሪያውንም ማስቀየር ይጠይቃል።

ከኤሲው በላይ፡ ፍሬኑ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለምቾት ብቻ አይደለም። የፍሬን ሰርቮው የሚታገዘው በዚያው የቫኪዩም ምንጭ ነው። ሰርቮው የራሱ ቫልቭ ስላለው ትንሽ የኤሲ ማፍሰስ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ላያሳጣ ይችላል። ፓምፑ ከደከመ ወይም ዋናው ቱቦ ካፈሰሰ ግን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በከፍታችን ምክንያት እገዛው ድሮም ከባህር ጠለሉ ያነሰ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ መኪናውን ሳይነዱ መካኒክ ይጥሩ። ለፍተሻ ብለው የሰርቮውን ቱቦ ደፍነው በፍጹም አይንዱ።

በአጭሩ፣ ጋራዥ ሲገቡ «ጋዝ ሙሉልኝ» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ ቫኪዩሙን ለኩልኝ» ይበሉ። ሰኔ ሳይገባ በግንቦት ቢያስፈትሹት ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ መስታወትዎም ፍሬንዎም ዝግጁ ሆነው ይጠብቁዎታል።

መልካም ጉዞ!