ፍራንክ ኮፍስኪና የጃዝ ታሪክ

ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ተወልዶ በዓለም የተሰራጨ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዚህን ሙዚቃ ታሪክና ሂስ ለረጅም ጊዜ ይጽፉ የነበሩት ግን አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ሸክላውን የሚያሳትሙትም፣ የምሽት ክበቡን የያዙትም እንዲሁ። ይህን ነገር በግልጽ አንሥተው ከተከራከሩት አንዱ፣ እርሱም ራሱ ነጭ የሆነው፣ የታሪክ መምህሩ ፍራንክ ኮፍስኪ ነው።

ኮፍስኪ በ1935 ተወልዶ በ1997 ዐረፈ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በካሊፎርኒያ በሳክራሜንቶ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምር ነበር። በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አዲሱ ጃዝ ጥቁሮች ለመብታቸው ከሚያደርጉት ትግል ተለይቶ ሊታይ አይገባም ሲል ጻፈ። ሙዚቀኛው በላቡ ያፈራውን ነጋዴው ይበላዋል የሚለውንም ክስ፣ ከሞተ በኋላ በ1998 በወጣው መጽሐፉ አስፋፍቶ አቅርቦታል።

እኛን ይልቁንም የሳበን አንድ ጭውውት ነው። በነሐሴ 1966 ኮፍስኪ ዝነኛውን የሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬንን ለማነጋገር ወደ ሎንግ አይላንድ ሄደ። ኮልትሬን ራሱ ከባቡር ጣቢያ ተቀበለውና በመኪና ውስጥ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ስለ ማልኮም ኤክስ በተጠየቀ ጊዜ፣ አንድ ቀን ሲናገር ሰምቶት እንደ ተደነቀ መለሰ። ለጠያቂው ይህ ደስ የሚያሰኝ ነበር። የማልኮም ሐሳብና አዲሱ ሙዚቃ ይዛመዳሉን ሲባል ግን ኮልትሬን ነገሩን አሰፋው፤ ሙዚቃ የሰውን ልብና የዘመኑን ኑሮ በሙሉ የሚገልጽ ነው ብሎ፣ በአንድ ዓላማ አጥር ውስጥ መግባትን አልወደደም።

የታሪክ ጸሐፊ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 1967፣ ኮልትሬን ሞተ፤ ቃሉን ሊያርም የሚችል አልነበረም። ኮፍስኪ ግን የማይመቸውን መልስ ሳይደብቅ ጥያቄውንና መልሱን በመጽሐፉ አተመው። ጠያቂው ወዴት ሊመራ እንደ ፈለገ፣ ተጠያቂውም በምን ያህል ትሕትና እንደ ዞረ፣ አንባቢ በዓይኑ ያያል።

ብዙ ሐያስያን በቁጣውና በአድልዎው ነቅፈውታል፤ ብዕሩ አንዳንድ ጊዜ ዱላ እንደሚሆን እኛም አንክድም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከባዶ አልፈጠረውም። በመስከረም 1963 በበርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ልጃገረዶች በፈንጂ ከተገደሉ በኋላ፣ ያው ኮልትሬን «አላባማ» የተባለውን ዜማ በሸክላ አስቀርጿል። ዜማው አንድም ቃል የለበትም።